ስለተሰበረው የአዳራሽ በር፣ ለሾላ ሜዳ ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሾላ ሜዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የቢሮዎም ጣሪያ ጭምር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ይህን የምለው ለሰላምታ ወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ከልጄ ሠርግ ወዲህ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማረጋግጠው እሱኑ ነው።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍሁበትን ምክንያት በቅድሚያ ላስረዳ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ለጽሕፈት ቤትዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች እንደታሸጉ መቀመጣቸውን ስለሰማሁ፣ ይኸኛው ለመክፈት እንዳያስቸግርዎ ብዬ ክፍቱን ትቼዋለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ደግሞ በመልእክተኛዎ እጅ የደረሰኝ የጥሪ ወረቀት ነው። "በድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ዙሪያ በሚካሄደው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ላይ ተገኝተው ተሞክሮዎን እንዲያካፍሉ በክብር ተጋብዘዋል" ይላል። ከሥሩ "ቦታ፦ የከተማው ሁለገብ አዳራሽ" የሚል ተጽፎበታል። ስፌት ላይ ነበርሁ። አንብቤ ስጨርስ መርፌዬን የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ። ልጄ ህይወት ከጓዳ ወጥታ "እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ወረቀቱን ስሰጣት አነበበችውና ደጅ ወጣች፤ ሜዳው መካከል ሄዳ ተቀመጠች። ከሠርጓ ቀን ወዲህ ፍርሃት ሲመጣባት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ከላይዋ ምንም ነገር ወደሌለበት ትሄዳለች።

ክቡርነትዎ የጋበዙኝ እኮ ያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

ምናልባት በሥራ ብዛት ረስተውኝ ይሆናል። ንግሥቴ ገብረሰንበት እባላለሁ። ከገበያው በላይ ባለችው ቤቴ የአገር ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴን በሞት ካጣሁ ወዲህ በዚሁ ሥራ ያሳደግኋት አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እሷን ነው ዘንድሮ በዳግማ ትንሣኤ እሑድ ለቡሬ ልጅ የዳርሁት። የተጋበዝሁት ተሞክሮዬን እንዳካፍል ነውና፣ በአዳራሹ መድረክ ላይ ቆሜ ማካፈሉን ስለማልደፍር፣ ከነቅሬታዬና ከነምስጋናዬ በዚህ ወረቀት አካፍላለሁ። እንደ ደንቡም በቁጥር አደርገዋለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ድንኳኑ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ሠርጉን በደጃፌ ድንኳን ጥዬ ለመደገስ አስቤ ፈቃድ ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን መንገድ ዳር ድንኳን መጣል ለሕዝብ ደኅንነት አስጊ ስለሆነ መከልከሉን፣ ማንኛውም ድግስ በአዲሱ ሁለገብ አዳራሽ መደረግ እንዳለበት በትሕትና አስረዳኝ። እኔም ለደኅንነታችን ይህን ያህል የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት በማግኘታችን ተደስቼ ሄድሁ። ድንኳን ቢወድቅብን የሚወድቅብን ሸራ ነበር። ክቡርነትዎ ከሸራው አድነው ከቆርቆሮውና ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ሥር ስላስቀመጡን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ፤ ስለ ስልክዎም ማመስገን ይገባኛል፤ ይጠራልና። የማይጠራ ስልክ ስንት አለ።

የዚያን እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሕፃናቱ በወንበሮቹ መካከል ይራወጣሉ። ከዳር በኩል የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ማዕድ ለብቻ ተሰናድቶ፣ ጓደኛዬ ናዚፋ ከባሏ ከጁማ ጋር እዚያ ታስተናግድ ነበር። ናዚፋን ያውቋታል፤ ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለው የጨርቅ መደብርና የድንጋዩ መጋዘን የእሷ ነው።

ወንድሜ ወንዳወቅ በምሥራቅ በኩል ካለችው ከፈረስ ቤት ከተማ መምጣት ነበረበትና ቀረብኝ ብዬ ስብከነከን ስልኬ ጠራ። ጩኸቱ አላሰማኝ ብሎ በር ላይ ወጣሁ።

"እታለም፣ አልደርስልሽም፤ ይቅር በይኝ" አለኝ። ድምፁ የወንድሜ አይመስልም ነበር።

"ምን ሆነሃል? አሞሃል?"

"ነፋስ መጣብን።"

"የምን ነፋስ? ለነፋስ ብለህ ነው የልጄን ሠርግ የምትቀር?"

"ንግሥቴ፣ ስሚኝ። እንዲህ ያለ ነፋስ በዕድሜዬ አላየሁም። የጎረቤታችን ጣሪያ እንዳለ ተነሥቶ ሄደ። ባሕር ዛፉ አንድ ሳይቀር ተኝቷል። እዚህ አልፏል፤ አሁን ፊቱን ወደ ፍኖተ ሰላም አድርጎ ቁልቁል እየሄደ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ሰዉን ከቆርቆሮ ሥር አውጪው!"

ስልኩ ተቋረጠ። ቀና ብዬ ሰማዩን ባየው እንዳማረበት ነው። ፀሐይ ነው። ወንድሜ ነገር ማጋነን ይወዳል ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ወደ ውስጥ ልመለስ ስል ደግሞ የሠርጉን ኬክ ከፍኖተ ሰላም የሚያመጣልን ሹፌር ደወለ። "እመቤቴ፣ መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም፤ ባጃጆች እየተገለበጡ ነው" ብሎ ዘጋብኝ።

ያን ጊዜ ሮጥሁ። የአዳራሹን ጠባቂ ላቀውን ፈልጌ ክንዱን ያዝሁት። ላቀው ጭምትነቱ ለሃያ ሰው የሚበቃ ሰው ነው፤ ሲናገርም መሬት መሬት እያየ ነው።

"ላቀው፣ የኋላውን በር ክፈትልኝ። ሰው ላወጣ ነው።"

"እትዬ ንግሥቴ፣ ቁልፉ እኮ ቢሮ ነው ያለው። ያልተጠራ ሰው እንዳይገባ፣ ወንበርም እንዳይወጣ ተብሎ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው።"

"ደውልላቸዋ!"

ደወለ። አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። ይጠራል፤ ይጠራል፤ አይነሣም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ በራሴ ስልክ እኔ ደወልሁ። ክቡርነትዎ ዕረፍት ላይ እንደነበሩ እገምታለሁ፤ ዕረፍትዎን ማወኬ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ነፋሱ ከፈረስ ቤት ተነሥቶ፣ ፍኖተ ሰላምን አቋርጦ እኛ ዘንድ እስኪደርስ የወሰደበት ጊዜ አንድ ከተማ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ለመሰብሰብ ይበቃ ነበር። ወሬው ከነፋሱ ቀድሞ ደርሷል። የጎደለው ወሬውን የሚቀበል ጆሮ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ብነግራቸው፣ አንዱ አባት በፈገግታ "ልጄ፣ የሠርግ ቀን ዝናብ በረከት ነው፤ አረፍ በይ" አሉኝ። ሰው ፊት ላይ ጮኼ ድግሴን ላውክ አልደፈርሁም። ይሉኝታ ያዘኝ።

፫ኛ፤ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር አልሆን አለኝና ይቅርታዎን እየጠየቅሁ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ጸጥ አለ። ውጭ ይንጫጩ የነበሩ ወፎች ዝም አሉ። ከዚያ በዋናው በር በኩል ብርሃኑ ተለወጠ፤ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቡናማ። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ቀና ብል ከምሥራቅ በኩል ግድግዳ እየመጣ ነው። ክቡር ሆይ፣ ግድግዳ ነው የምልዎ፤ ከአገር ዳር እስከ አገር ዳር የተዘረጋ፣ ከላይ ጥቁር፣ ከታች የአፈር መልክ ያለው። አይዞርም፣ አይጠማዘዝም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። የፊት ለፊቱ የባሕር ዛፍ ደን ከዳር እስከ ዳር እኩል ጎንበስ ሲል አየሁ። አንዱም ተመልሶ ቀና አላለም።

ውጭ የነበረው ሰው ሁሉ ነፋሱን ሸሽቶ ወደ ውስጥ ተገለበጠብን። ልወጣ ያልሁበት በር የሚገባበት ብቻ ሆነ። ነፋሱም አብሮ ገባ። በዚያው በር ገብቶ አዳራሹን ሞላው፤ መውጫ ሲያጣ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ መግፋት ጀመረ። ጆሮዬ ተደፈነ። የሙዚቀኞቹ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምፅ ግን የለም። ብርድ መጣ፤ በሚያዝያ ፀሐይ ላይ የታኅሣሥ ብርድ። ቀና ብዬ ሳይ ቆርቆሮው ይተነፍሳል። ወደ ላይ ይነፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ይነፋል፣ ይወርዳል። ሲነሣ በጎን በኩል ሰማይ ይታያል። ሚስማር እየተነቀለ እንደ በቆሎ ቆሎ ይፈነጠራል፤ አንዱ ወደቀና ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ጠርሙስ ሰበረ።

ልጄ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ከመድረኩ ላይ ታየኛለች። መነሣት አልቻለችም። አፏን ከፍታ "እማ" ስትል አየኋት፤ አልሰማኋትም። በመካከላችን ያለው ሰው ሁሉ እየጮኸ ይተራመሳል። አንዲት እናት ልጇን ከጠረጴዛ ሥር እየጎተተች ስታወጣ፣ ሌላዋ የራሷን ልጅ ወደዚያው ሥር ስትገፋ አያለሁ። የትኛዋ ልክ እንደሆነች የምታውቅ አልነበረችም።

ናዚፋ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ ጆሮዬ ላይ አፏን ገጥማ ጮኸች። "ንግሥትዬ! የእኔ መጋዘን! ድንጋይ ነው፣ ላዩም ሲሚንቶ ነው! የኋላው በር ብቻ ይከፈት!"

ላቀው እዚያው በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ተዘግቶ የነበረውን የብረት በር በሁለት መዳፎቹ ይደገፈዋል፤ የሚከፍተው ይሁን የሚጠብቀው አይታወቅም።

"ስበረው!" አልሁት።

"እትዬ፣ የመንግሥት በር ነው። ሥራዬን ያሳጡኛል። ልጆች አሉኝ።"

"በእኔ ስም ስበረው! ሲጠይቁህ ንግሥቴ ናት ያዘዘችኝ በላቸው! ላቀው፣ በማርያም!"

ያን ጊዜ ከመካከል የመጀመሪያው ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሄደ። የሄደበት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ላቀው ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ያ መሬት መሬት እያየ የሚናገር ሰው አዳራሹ እስኪሰማው ድረስ "አግዳሚ ወንበር አምጡ!" ብሎ ጮኸ። እሱ፣ ሙሽራው፣ ጁማና ሌሎች ሰዎች ረጅሙን አግዳሚ አንሥተው በሩን መቱት። መቱት። አልሆነም። ደግመው ሲመቱት ቁልፉ ከነማያዣው ተገንጥሎ ወጣ።

ናዚፋ በሩ ውጭ ቆማ "ልጆቹን አስቀድሙ! ልጆቹን!" ትላለች። ጁማ መጋዘኑን ከፍቶ የተቀበለውን ወደ ውስጥ ይወረውራል። ነፋሱ የተሰበረውን በር መልሶ ሰው ላይ እንዳይደፍነው ላቀው በጀርባው ደግፎ ያዘው። በእሱ ክንድ ሥር ነው ሁላችንም ያለፍነው፤ ሕፃናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ልጄ ከነባሏ፣ እኔ። ሳልፍ "ና አንተም!" ብለው "ሰው አለ ገና" አለኝ። ሰው ነበረ፤ ያ የበረከት ዝናብ ነው ያሉኝ አባት ከነከዘራቸው መጨረሻ ላይ ነበሩ። እሳቸውን ገፍቶ ሲያስወጣ ጣሪያው እንዳለ ተነሣ፤ ወራጁም ወደ ውስጥ ወደቀ።

መጋዘኑ ውስጥ ጨለማ ነው። በጣቃ ጨርቅና በጆንያ መካከል ተጨናንቀን ቆመናል። ውጭ ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ ዛፍ ሲሰበር፣ በኋላም በረዶ ሲወርድ ይሰማል። የሚያለቅስ አልነበረም። ሕፃናቱ እንኳን አላለቀሱም፤ ይህ ነው የበለጠ ያስፈራኝ። አንዱ ቄስ ጸሎት ጀምረው ድምፃቸው ሲቆራረጥ፣ ከጎናቸው ጁማ በራሱ ቋንቋ የራሱን ቀጠለ። ማንም ማንንም አላረመም። ልጄ እጄን ይዛለች፤ የጨበጠችበት ጥፍሯ ምልክቱ እስከዛሬ አልጠፋም።

ሲያልፍ በሩን ከፍተን ወጣን። አዳራሹ ጣሪያ የለውም። የበላንበት ጠረጴዛ፣ ሙሽሮቹ የተቀመጡበት ወንበር፣ ሁሉም ከወራጅ ሥር ነው። ላቀው በሩ ደፍ ላይ ተጋድሟል፤ ቀኝ እግሩ ላይ ትልቁ እንጨት ተኝቶበታል። ዓይኑ ተገልጧል። ጎንበስ ብዬ ስሙን ስጠራው ያለኝ ይህን ነው፦ "እትዬ፣ ሁሉም ወጡ?"

ክቡር ሆይ፣ አንድም ሰው አልሞተብንም። ይህን በሪፖርትዎ ላይ "በተወሰደው ፈጣን እርምጃ የሰው ሕይወት አልጠፋም" ብለው እንደጻፉት ሰምቻለሁ። እርምጃውን የወሰደው ማን እንደሆነ አለመጻፍዎ ከትሕትናዎ የመጣ መሆኑን እረዳለሁ።

ላቀውን በጋሪ ጭነን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰድነው፤ መኪና የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። በየመንገዱ የወደቀ ምሰሶ ነበረ፤ ወንዶቹ ጋሪውን ከነሕመምተኛው አንሥተው ያሻግሩታል። እኔ ራሱን ይዤ ተቀምጬ ነበርና ግራ ቀኙን እያየሁ ሄድሁ። ያየሁት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ባሕር ዛፉ፣ የመብራት እንጨቱ፣ የአጥር ግንዱ፣ ጭንቅላቱ ሁሉ ወደ ምዕራብ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ጠርጎ ያስተኛው ይመስላል። የገለባው ክምር የለም፤ የገለባው ጭረት በየእሾሁ ላይ ተሰክቶ ይታያል። በማግስቱ የሙሽራው ዘመዶች ከቡሬ ሲደውሉ የበርበሬ ችግኛቸው ጥላ ተገንጥሎ መሄዱን፣ የጎረቤታቸው ግድግዳ መውደቁን ነገሩን። ከፈረስ ቤት እስከ ቡሬ ያው አንድ ነፋስ፣ በአንድ ከሰዓት፣ በቀጥታ መንገድ።

ከቀናት በኋላ የመጣው ኮሚቴዎ ግን "በአዳራሹ አካባቢ ብቻ የታየ ድንገተኛ አዙሪት" ብሎ ጻፈ። እኔ የነፋስ ትምህርት የለኝም፤ አዙሪት ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ በየደረሰበት አሻራውን ትቶ፣ በስልክ አስቀድሞ አስነግሮ የመጣን እንግዳ ድንገተኛ ስትሉት ትንሽ ቅር ሳይለው አይቀርም። አዙሪት ነው ካላችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ ዞሮ የሄደ ነው፣ አይመለስም ማለት ነው። እኔ ግን እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። በዚያ መንገድ የመጣ ነገር መንገዱን ያውቀዋል።

ኮሚቴው ሌላም ሥራ ሠርቷል። የተሰበረውን በር አይቶ፣ ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ሄዷል። ውጤቱም ላቀው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደረሰው፦ "የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ በመስበር ለፈጸሙት ጥፋት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።" ልጠይቀው የሄድሁ ዕለት ወረቀቱን ከትራሱ ሥር አውጥቶ አሳየኝ። አንብቤ መለስሁለት።

"እትዬ ንግሥቴ፣ ጥፋት ነው እንዴ?" አለኝ። ሲጠይቀኝ እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ነበር። ስለ እኛ ቀኝ እግሩን የተቆረጠው ሰው ጥፋተኛ እንዳይሆን ይፈራ ነበር።

አይ ላቀው፣ አልሁት፤ ጥፋት አይደለም። እሱ ግን የጠበቀው የእኔን መልስ አልነበረም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን አጥብቄ የምለምነው ይህን ነው፤ ማስጠንቀቂያውን በስሜ ያዙሩልኝ። በሩን እንዲሰብር ያዘዝሁት እኔ ንግሥቴ ገብረሰንበት ነኝ። በእኔ ስም ስበረው ብዬዋለሁና ስሜ በትክክል እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ለላቀው የተጻፈው ተሽሮ፣ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄደው ይህ ሰው ከፋይሉ ላይ ጥፋተኛ የሚል ቃል እንዲነሣለት እጠይቃለሁ። ለእኔ የሚጻፈውን ማስጠንቀቂያ ግድግዳዬ ላይ በክብር እሰቅለዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አዲሱ ጣሪያ። እንዲህ በአጭር ጊዜ መሸፈኑ ያስመሰግናል። በአጠገቡ ሳልፍ ተጠግቼ አየሁት። ቆርቆሮው ያው ነው፤ ከየማሳው ተሰብስቦ፣ ተደብድቦ ተቃንቶ የተመለሰው። የተጣመመበት መስመር ከነምልክቱ ይታያል። ሚስማሩ በፊት በነበረበት ልክ ነው የተመታው። አዲስ የሆነው የኋላው በር ብቻ ነው። ከበፊቱ ወፍራም ነው፤ ቁልፉም ሁለት ሆኗል። አዲሱን ጠባቂ "ቁልፉ ማን ጋ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። "ቢሮ ነው እናቴ" አለኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

እኔ እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው። ክረምቱ እየገባ ነው። በምሥራቅ፣ በደጋ ዳሞት በኩል ሰማዩ ሲጠቁር የከተማው ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ገበያተኛው ሽንኩርቱን ትቶ ቀና ይላል። ልጄ ጫማዋን አታወልቅም፤ ስትተኛም አድርጋው ነው። ባሏ ወደ ቡሬ ሊወስዳት ደጋግሞ መጥቷል፤ መልካም ልጅ ነው፣ አያስቸኩላትም፤ ቤታቸው ቆርቆሮ ነውና "ትንሽ ቆይ" ትለዋለች። ሙሽራ ገና ቤቷን አላየችም። እኔ ደግሞ ስፌት ላይ ሆኜ መጋረጃው ሲወዛወዝ ጨርቁን ከነመርፌው ጥዬ እሮጣለሁ። እንዲህ ሆነን ባለንበት፣ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ጣሪያ ሥር፣ ከዚያ በር ጀርባ ሰብስበው ስለ አደጋ ዝግጁነት ሊያስተምሩን ነው።

በስብሰባው አልገኝም። ናዚፋም አትገኝም፤ ለእርስዎ ሰላምታ እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች። የእድራችን ሰዎችም ተነጋግረን፣ በዕለቱ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ለመቀመጥ ወስነናል። ወንበር የየራሳችንን ይዘን እንመጣለን፤ ለክቡርነትዎም አንድ ትርፍ እንይዛለን። ንግግርዎን እዚያ ቢያደርጉት ሁላችንም እንሰማለን። ቢያደርጉልን ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩን፦ ከምሥራቅ በኩል ሲደወልልን የሚያነሣልን ማን እንደሆነ፣ የዚያ በር ቁልፍም ሰው በሚሰበሰብበት ቀን በሩ ላይ እንዲውል መታዘዙን። የቀረውን ዝግጁነት ራሳችን እንሞክረዋለን።

እርስዎን ጤና ሰጥቶ፣ ወንበርዎን አጽንቶ፣ ከላይዎ ያለውን ሁሉ በሚስማሩ አቆይቶ ለብዙ ዘመን እንዲያኖርልን ከልብ እየተመኘሁ፣ ደኅንነታችንን ለጠበቁበት ድካም ዋጋዎን እንዳያጡ እየጸለይሁ፣ እጅግ በተንቀጠቀጠ ግን ባልታጠፈ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዘወትር ታዛዥዎ፣
በሩን ያሰበረችው
ንግሥቴ ገብረሰንበት
ሾላ ሜዳ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ደመናው ከምሥራቅ ሲነሣ እንደ ልማዳችን ወደ ናዚፋ መጋዘን ሮጠን ነበር። ባለቤትዎ ወይዘሮ እህተ ማርያም ትንሿን ልጅዎን መስከረምን አዝለው ከሁላችን ቀድመው ደርሰዋል፤ እንኳን ደኅና መጡ ብለን ቦታ ለቀቅንላቸው፤ ሁልጊዜም እንለቃለን። ነፋሱ ቀላል ሆኖ እስኪያልፍ መስከረም እኔ ጭን ላይ ነበረች። "አባዬ ለምን አልመጣም?" ብላ ጠየቀችኝ። ቢሮ ናቸው አልኋት። ትንሽ አሰበችና "እሱ አይፈራም?" አለችኝ። እንደማላውቅ፣ እርስዎን ጠይቄ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት። ይኸው እየጠየቅሁ ነው። መልሱን ለእኔ መጻፍ ቢያስቸግርዎ፣ ዛሬ ቤት ሲገቡ ለእሷ ይንገሯት።